እጃቸው ላይ ያለው ኤክስ

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ውብአለም፣ የማዕከላችን ባልደረቦች፤ ሥራችሁን ትታችሁ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ ስሜን ሳይሳሳት ለጻፈው ሰውም ምስጋና ይድረሰው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር፣ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ቁልፍና ቧንቧ ስጠብቅ ኖሬ ዛሬ ጡረታ ወጣሁ። ተተኪዬ አምሃ ጠዋት፣ «ጋሽ ዓለሙ፣ ሽንት ቤቱ ሲደፈን ማንን ኮል እናደርጋለን?» አለኝ። ራስህን፣ አምሃ።

ስለ ደግነቴ ብዙ ተናገራችሁ። ስላጠፋሁት ደግሞ እኔ ልናገር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን ይከራዩ የነበሩትን ወጣቶች ታስታውሳላችሁ? ሃርድኮር ፓንክ የሚሉትን የጩኸት ሙዚቃ የሚጫወቱትን? ከባድ ቦት ጫማ፣ ጥቁር ካናቴራ፣ በጎንና በጎን የተላጨ ፀጉር። ጠብ የተነሣ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሮጬ ገብቻለሁ፤ ለካ ዘፈን ነው። ሁሉም እጃቸው ጀርባ ላይ በጥቁር ማርከር ትልቅ ኤክስ ይሥላሉ።

እኔ ምን አደረግሁ? የአውሬው ምልክት ነው አልኩ። የጸሎት ቡድናችንን አስተባብሬ ሦስት ቀን ጾምን። ከዚያ ወይዘሮ ውብአለም ቢሮ ገብቼ፣ «እዚህ ቤት ሰይጣን ይመለካል» አልኳቸው። አመኑኝ። ቡኪንጉ ተሰረዘ።

ከወር በኋላ ልጄ ሆሣዕና ያንኑ ኤክስ እጇ ላይ ይዛ እራት ቀረበች። እኔ ካባረርኳቸው በኋላ ነው አብራቸው መዝፈን የጀመረችው።

«ዳድ፣ እኛ ስትሬት ኤጅ ነን» አለችኝ። «ኤክሱ አንጠጣም፣ አናጨስም፣ ድራግ አንነካም ማለት ነው።»

በየእሑዱ ልጆቻችንን ከመጠጥ አውጣልን እያልኩ የምጸልይ ሰው፣ የማይጠጡትን አባረርኩ። ይህ ብቻ ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ ኬኬን እበላ ነበር።

የት እንደሄዱ ታውቃላችሁ? ከዚህ ርቆ ሬክስዴል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ። ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ተከትያት ሄድኩ። እናንተ ስትገቡ መድረኩን ታያላችሁ፤ እኔ የማየው መውጫውን ነው፣ ሥራዬ ነውና። በሩ አንድ ነው፣ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። መስኮቶቹ በጣውላ ታሽገዋል። ማሞቂያውም ድምፅ ማጉያውም በአንድ ኤክስቴንሽን ነው የሚሠራው፤ ገመዱን ብነካው አቃጠለኝ። ሁለት መቶ የሚሆን ልጅ ይዘላል። መድረኩ ከበሩ በጣም የራቀው ጥግ ላይ ነው።

ገመዱን ነቀልኩት። እኔ ሳልወጣ መልሰው ሰኩት።

ልጄ እንዳትጠላኝ ፈርቼ ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልኩ። ዛሬ ጠዋት ለእሳት አደጋ ተቆጣጣሪዎች ደወልኩ። ሰኞ መጥተን እናያለን አሉኝ። ነገ ቅዳሜ ነው። ቦታውን ቢዘጉባቸውስ ወዴት ይሄዳሉ? አንዴ አስዘግቼባቸው የሄዱበትን አይቻለሁ።

ሥርጉት፣ ቡኪንጉ አንቺ ጋ ነው፤ ነገ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶ ነው። አራት መውጫ አለው፤ አራቱንም ዛሬ ጠዋት ከፍቼ ዘግቻለሁ።

ወይዘሮ ውብአለም፣ ይህን ለብቻዎ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። ይቅር ይበሉኝ። እዚያ መድረክ ላይ ከልጄ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ድራም የሚመታው የእርስዎ ልጅ ዮናታን ነው።

ሌላ ስጦታ አልፈልግም። ነገ አዳራሹን ክፈቱላቸው።

እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጣችሁ፣ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። የልጆቻችንንም መግባትና መውጣት ይጠብቅ። አደራ፣ መውጣታቸውን።