እውነትን ከዘመድ ያስቀደሙት የመምህርት አልጣሽ ገብረ መድህን ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያን አባቶች፣ የእድር ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከኢተያም ከዲክሲስም ጭቃውን ረግጣችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ዜና ሕይወት እንዲህ አይጀመርም ብላችሁ እንዳትቆጡኝ። መምህርት አልጣሽ ገብረ መድህን ሕመሙ በጠናባቸው ሰሞን፣ ለብዙ ዘመን በአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ እያስተማርኩ አብሬያቸው የኖርኩትን እኔን ሁሴኖን አስጠርተው፣ «ስሞት ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ብለህ እንዳትጀምር፤ እሱንማ ማን ይከራከርበታል? ሰው እምቢ ሊልህ የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድምና ከዚያ አስረዳ» ብለው አዘውኛል። የሟች ቃል አይታጠፍምና እነሆ፤ መምህርት አልጣሽ እውነትን ከዘመድ ያስቀደሙ፣ በዚህም ዘመድ ያተረፉ ሰው ነበሩ። እምቢ የሚል ካለ እስክጨርስ ይታገሰኝ።

ያም ሆኖ ወግ ወግ ነውና፣ መምህርት አልጣሽ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መድህን ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘመናይ በ1947 ዓ.ም. እዚሁ አሰላ ከተማ ተወለዱ። አያታቸው አቶ ወልደ ሰንበት ከኢተያ እህል እየሸመቱ በበቅሎ ወደ አሰላ የሚያመላልሱ ነጋዴ የነበሩ ሲሆን፣ የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ ገና በ1938 ዓ.ም. በአንድ የስንዴ ማሳ ዳር ተገድለው ተገኝተዋል። በዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ሁሉ ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥሎ የሚያጠናው፣ ገዳዩ ቱሳ የሚባል የኢተያ ገበሬ መሆኑን ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአሰላ ተከታትለው፣ በሂሳብ የደረሰባቸውን መከራ በአማርኛ ክሰው፣ በአዲስ አበባ በመምህርነት ሠልጥነው ወደ ተወለዱበት ከተማ ተመለሱ። ከኮምባይነር ጥገና ባለሙያው ከአቶ በእውቀቱ ጋር በቁርባን ተጋብተው አንዲት ልጃቸውን መክሊትን ወለዱ። አቶ በእውቀቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሞተር የሚፈቱ እጆች ነበሯቸው እንጂ ለክርክር የሚሆን ምላስ ስላልነበራቸው፣ ትዳራቸው እስከ መጨረሻው ሰላም የሰፈነበት ነበር።

ወደ ሥራቸው ስመጣ፣ መምህርት አልጣሽን ከምንም በላይ የሚያንገበግባቸው «ትምህርት ለአገር ዕድገት ጠቃሚ ነው» ብሎ የሚጀምር ድርሰት ነበር። «አይጠቅምም ያለህ ማን ነው?» ብለው ወረቀቱን ይመልሱታል። የድርሰት ኃይለ ቃል ማለት ጸሐፊው የቆመበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገርበት፣ ሌላው ሊቃወመው የሚችል፣ ግን በማስረጃ የሚጸና ቃል መሆኑን ለማስተማር ብዙ ለፍተው አልሆን ቢላቸው፣ በየዓመቱ ስም ሳይጠሩ የአንድ የድሮ ግድያ ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ጀመር። ነጋዴው በአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ሞቶ ተገኘ። ከዚያ በፊት የነጋዴው በቅሎዎች ቡቃያ ረግጠው፣ እሱና ባለ ማሳው ተጣልተው ነበር። ገና ድንኳኑ ሳይነሳ የአካባቢው ሽማግሌዎች ለጉማ ከብት ነድተው መጡ፤ የሟች ቤተሰብ ከብቱን መለሰ። ከዚያ በኋላ ባለ ማሳው ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ በእስር ቤትም አለፈ። በሉ እንግዲህ፣ ስለ ፍርዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ተከራከሩለት ይላሉ።

ለእንግዶች ያህል፣ ጉማ ማለት ደም ሲፈስ ወገን ከወገን እንዳይጫረስ ሽማግሌ ከብት አስነድቶ የሚያስታርቅበት የእኛ የአርሲዎች ሥርዓት ነው። ከተማሪዎቹ የሚበዙት ግን «ባለ ማሳው ባይገድል ኖሮ ወገኖቹ ለጉማ ከብት ባልነዱ ነበር» ብለው ይጽፉና ሙሉ ማርክ ያገኛሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር የአቶ ገብረ መድህን ቤት የዘወትር ቃል መሆኑን ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ድምጿ የማይሰማ ሃዊ የምትባል ተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «ባለ ማሳው የተፈረደበት ነፍስ በማጥፋቱ ሳይሆን፣ አገሬው ለዕርቅ የነዳው ከብት እንደ ኑዛዜ ስለተቆጠረበት ነው።» ማስረጃዋን ከሌላ ቦታ አላመጣችም፤ መምህርቷ ራሳቸው በሰሌዳ ከጻፉት ነው ያወጣችው። ከብቱ የተነዳው ገና ማንም ሳይያዝና ሳይጠረጠር ነው። የነዳውም አገሩ በሙሉ ነው፤ በመሬታችን ላይ ደም ፈሶ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም ብሎ። ታዲያ ያ ከብት ኑዛዜ ከሆነ ገዳዩ አገሩ ሁሉ ነው ማለት ነው። ይህን ማን አስተማረሽ ብለው ቢጠይቋት ባለ ማሳው አያቷ መሆናቸውን ተናገረች።

መምህርት አልጣሽ ወረቀቱን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። «ሁሴኖ፣ ይህን አፍርስልኝ፤ ነጋዴው የኔ አያት ናቸው» አሉኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አልፈርስ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ቀዶ ዝም ይል ነበር፤ እሳቸው ግን በማግስቱ ክፍል ገብተው፣ ነጋዴው የማን አያት እንደሆኑ ለተማሪዎቹ ነግረው፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር የረታቻቸው መሆኑን በራሳቸው እጅ በሰሌዳ ጻፉ። እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር። ወይ አልጣሽ!

ነገሩ ከዚያ በኋላ ቀላል አልነበረም። አባታቸው ይህን ሲሰሙ «የአባቴን ደም በልጅ ድርሰት ለወጥሽው» ብለው ከቤታቸው አስወጧቸው፤ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ደመቀም ከአባታቸው ጋር ቆሙ። መምህርት አልጣሽ ግን ወደ ኢተያ ወርደው፣ የአቶ ቱሳ ባለቤት የነበሩትን የወይዘሮ ፋጡን ጉልበት ስመው፣ አያቴን ማን እንደገደለ አናውቅም፣ ሳናውቅ ግን ባልዎን ገዳይ ስንል ኖረናልና ይቅር ይበሉን አሏቸው። ወይዘሮ ፋጡም «ከብቱማ ከብት ነው ልጄ፣ ሣሩን ግጦ ኖረ። እኛ ለቅሶ ልንደርስ ነበር የመጣነው፤ የመለሳችሁብን ለቅሷችንን ነው» አሏቸው። ከዚያም በተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህርት አልጣሽ በደስታም በሐዘንም ከዚያ ቤት አልቀሩም፤ ወይዘሮ ፋጡ ሲያርፉም ከልጆቻቸው ተርታ ተቀምጠዋል። በወዲህኛው ቤት ግን በሩ እንደተዘጋ ቀረ። አቶ ገብረ መድህን ሲሞቱ የቱሳ ወገኖች ለቅሶ ሊደርሱ ቢመጡ፣ አቶ ደመቀ ከደጅ መለሷቸው። ይህን የምናገረው አቶ ደመቀ ፈቅደውልኝ፣ «አንብበው፤ እሷም ብትሆን አትደብቀውም ነበር» ብለውኝ ነው።

መምህርት አልጣሽ ጡረታ ከወጡ በኋላ በኩላሊት ሕመም እየተሠቃዩ፣ ሐኪሙ የጻፈውን ማስረጃ አማርኛ እንኳ እያረሙ፣ በልጃቸው በመክሊት እንክብካቤ ቆዩ። ሞትን አልፈሩም። የሚፈሩትን አንድ ነገር፣ እኔ ባለሁበት፣ ለአቶ ደመቀ ነገሯቸው፤ «የነዚያ ሰዎች ለቅሶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። በኔ እንዳይደገም።» አቶ ደመቀ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። መምህርት አልጣሽም መልሱን ሳይሰሙ ትናንት ማለዳ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የቱሳ ወገኖች ከኢተያ መጥተው፣ እንዳለፈው እንዳይሆን ሰግተው፣ ከድንኳኑ ራቅ ብለው አጥሩ ሥር ቆሙ። ከፊት የቆመችው ያቺው ሃዊ ነበረች፤ ዛሬ በኢተያ የግብርና ባለሙያ የሆኑት ወይዘሮ ሃዊ። ድንኳኑ ውስጥ ያለነው ሁሉ አቶ ደመቀን ማየት ጀመርን። አቶ ደመቀ ነጠላቸውን እንዳገለደሙ ተነስተው ወጡና፣ ወይዘሮ ሃዊን በእጃቸው ይዘው አስገብተው ከመክሊት አጠገብ አስቀመጧቸው። ሲመለሱ በጆሮዬ «ሠላሳ ዓመት ያቺን ዓረፍተ ነገር እምቢ የምልበት ፈለግሁ፤ አጣሁ» አሉኝና አለቀሱ።

ከመምህርት አልጣሽ የተለዩትና በሐዘን የቀሩት፣ ልጃቸው መክሊት በእውቀቱ፣ ወንድማቸው አቶ ደመቀ ገብረ መድህን፣ ያስተማሯቸው የአርሲ ልጆች፣ ደግሞም ዛሬ ጠዋት አቶ ደመቀ «ከኛ ስም ጋር ጻፋት» ብለው ያስጻፉኝ፣ የአቶ ቱሳ የልጅ ልጅ ወይዘሮ ሃዊ ሚፍታ ቱሳ ናቸው።

እናንተ እግዚአብሔር፣ እኛ አላህ የምንለው አንድ ጌታ የመምህርት አልጣሽን ነፍስ በደጋጎቹ ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ለነጋዴውም ለባለ ማሳውም ምሕረቱን ያውርድ፤ ለመክሊትና ለሐዘንተኞቹ ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። ይህኛው ማንም የሚከራከርበት አይደለምና፣ ሁለቱም ወገን አንድ ላይ አሜን በሉልኝ።