በኦቦ ገመቹ ጅረት ላይ የነበሩት

የነፍሳት ተመራማሪ ሆኜ መቂ ላይ የገጠመኝ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ ሽንኩርታቸውን በሚያጠጡበት ጅረት ላይ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ነፍሳት እግራቸው እንኳ ሳይርስ ውሃው ላይ ሲሯሯጡ አየሁ። ዓይነታቸውን ለመለየት ኦቦ ገመቹ እያዩኝ ጥቂቶቹን በብልቃጥ ይዤ አዳማ ተመለስኩ። በማይክሮስኮፕ አይቼ ምን እንደሆኑ ባወቅኩ ማግስት፣ ለኦቦ ገመቹ ልነግራቸው እየከነፍኩ ሄድኩ።

ጅረቱ ጭር ብሏል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ኦቦ ገመቹ መርጫውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ፣ «አንድም አልቀረ! አንተ ባትነቃባቸው ጉድ ሆነን ነበር» ብለው መረቁኝ።

«ኧረ ኦቦ ገመቹ፣ እነዚህ እኮ ምንም አይጎዱም!»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «እዚህ ባለሙያ የሚመጣው ተባይ ሲገባ ነው። ካልጎዱ ታዲያ ምን ልታይ መጣህ?»