ያልፈሰሰው ውሃ

የሙሉ ጨረቃ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወደ ገዳም የሚወጣበት ቀን ስለሆነ እኔም ነጭ ሽርጤን አገልድሜ በግድቡ ላይ በምታልፈው ቀጭን መንገድ ማልጄ ወጣሁ። ጉሙ ገና ከውሃው ላይ አልተነሣም። ውሃውና ሰማዩ አልለይ ብሎኝ፣ እኔ እየሄድኩ ይሁን ወይስ እኔ ቆሜ መንገዱ እየሄደ እርግጠኛ አልነበርኩም። አርባ ዓመት ሙሉ ልጆችን «ልብህን ሰብስብ» እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ መምህር ነኝ። የራሴን ልብ ግን እንዲህ ያለ ጠዋት ካገኘው ልሰበስበው አልችልም።

በዚህ ሁኔታ ሳለሁ ሙቱባንዳን ልረግጠው ምንም አልቀረኝ። ሙቱባንዳ አብሮኝ ፊደል የቆጠረ፣ ኋላ እኔ ወደ ትምህርቱ እሱ ወደ ሩዝ ማሳው የሄድን፣ ደግ ግን ግትር ሰው ነው። ነጭ አልለበሰም። ጉልበቱን አቅፎ በውሃው ላይ የሚበቅለው የሎተስ አበባ ወደሞላበት ጥግ ያያል። ምን እንደሚያይ አልጠየቅሁትም፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከሦስት ዓመት በፊት በእንዲህ ያለ ቀን አንድ ልጁን ዊማልን ለገዳም የሚሆን አበባ ቅጠፍ ብሎ ላከው። ዊማል ጎበዝ ዋናተኛ ነበር፤ ነገር ግን የአበባው ሐረግ እግሩን ተበተበው። ያወጡት ከሰዓት በኋላ ነው።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በሰባተኛው ቀን፣ በሦስተኛው ወርና በዓመቱ መነኮሳት ተጠርተው ይመገባሉ። መጨረሻ ላይ የሟች ቤተሰብ ማንቆርቆሪያ ይዞ ጽዋው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ውሃ ያንቆረቁራል፤ የበጎ ሥራው ትሩፋት እንደ ውሃው ለሟቹ ይድረሰው ማለት ነው። ሙቱባንዳ ሦስቱንም ጊዜ ደግሶ አብልቷል። ሦስቱንም ጊዜ ግን ማንቆርቆሪያው እጁ ሲገባ መሬት ላይ አስቀምጦ ወጥቷል። ካፈሰስኩት ይሄዳል፣ ካላፈሰስኩት ልጄ ከቤቴ አይርቅም ባይ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሳሳት አባት ነው እንጂ ሞኝ አይደለም።

አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ዝናቡ ጥቂት እንዳወራን ከጉሙ ውስጥ ነጭ ነገር ብቅ አለ። መጀመሪያ ወፍ መስሎኝ ነበር። የዊማል ሚስት ናንዳዋቲ ነበረች። ባሏ ሲሞት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ያኔ በሆዷ የነበረችውን ልጅ አሁን በጎኗ አቅፋታለች። ኩሩኔጋላ ከተማ ተምራ እኔ በለቀቅሁት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ዓምና ደግሞ ሰው አሥር ቀን አፉን ዘግቶ ከራሱ ጋር ወደሚቀመጥበት አንድ ገዳም ሄዳ ነበር። መንደሩም «ባል የሞተባት ሴት ዝም ለማለት ይህን ሁሉ መንገድ ትሄዳለች? እዚህስ ማን አነጋገራት?» ብሎ ሲሥቅባት ከርሟል።

መዳፎቿን አጋጥማ ሁለታችንንም እጅ ነሳች። ከዚያም የመጣችበትን ነገር ለአማቷ በትሕትና ተናገረች። የዊማል ሦስተኛ ዓመት በሚመጣው እሑድ ይውላል። እናቷና ወንድሟ ይመጣሉ። በዚያን ቀን ውሃው ካልፈሰሰ ልጇን ይዛ አብራቸው ትሄዳለች፤ በእናቷ መንደር ታፈሰዋለች፤ ከዚያ በኋላም አትመለስም። ለሙቱባንዳ ከዊማል የቀረችለት ያቺ ሕፃን ብቻ ናት።

«ላስፈራራዎት አይደለም፣ አባባ» አለች። «ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። በዚያ ቤት የዊማልን ስም የሚያነሣ የለም። ይቺ ልጅ የአባቷን ስም የሰማችው ከጎረቤት ነው።»

«ሂጂ እንግዲህ» አላት ሳያያት። «አሥር ቀን ዓይንሽን ጨፍነሽ ረስተሽው መጣሽ። እኔ ግን አልረሳም። መርሳት ለናንተ ለተማራችሁት ይሁን።»

«መቼ ረሳሁት?»

«ከዚያ ከተመለስሽ ወዲህ ጓዳ ውስጥ ስትስቂ እሰማሻለሁ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያንቺ ግን ቶሎ ደረቀ።»

ጊዜ መድኃኒት ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ደግነቱ ናንዳዋቲ ቀደመችኝ። በመንደራችን ለሐዘን ሁለት ዘዴ ብቻ ነው የምናውቀው፤ አንዱ ጊዜ ያልፋል፣ ሁለተኛው ሆድ ይፍጀው ነው። ሁለቱንም አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ሁለቱም በራሴ ቤት አልሠሩም። ሚስቴን ከቀበርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ሆዴ እስካሁን ይፋጃል።

እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠችና በዚያ ገዳም የሆነውን ነገረችን። እዚያ የሚያስተምሩት ሽማግሌ መነኩሴ እርሺ አላሏትም። እንዲያውም እቤቷ ካለቀሰችው ይልቅ እዚያ ያለቀሰችው ይበልጣል። ያስተማሯት ትንፋሿን እያየች መቀመጥን ነው፤ ሐዘን ሲመጣ እንዳታባርረው፣ አስቀምጣም እንዳትቀልበው፣ መምጣቱን ብቻ እንድታውቅ ነው። እኔ ሐዘን ነኝ ማለትና ሐዘን መጥቷል ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ አለች።

«ትናንት ኮኮናት ስፈቀፍቅ ዊማል ትዝ አለኝ፣ አባባ። እዚህ ጋ መጣ» ብላ ደረቷን ነካች። «ድንጋይ ነው። ድሮ ቢሆን ወይ ኮኮናቱን ጥዬ እወጣለሁ፣ ወይ ጥርሴን ነክሼ እፈቀፍቃለሁ። አሁን ግን፣ መጣህ? አልኩት። ድንጋዩ ከበደ፣ ሞቀ፣ ከዚያ ቀለለ። አልቅሼም ነበር። ሲያበቃ ኮኮናቱ እጄ ላይ ነው፣ ይቺም ራበኝ ትለኛለች። አበላኋት።»

«በቃ? ይኸው ነው ትምህርቱ?»

«ይኸው ነው።»

«ለዚህ አሥር ቀን?»

«እኔ ደንቆሮ ሆኜ ነው። ለእርስዎ አምስቱ ይበቃ ነበር።»

ሙቱባንዳ ሊሥቅ ምንም አልቀረው፤ ግን ዋጠው። ውሃውን እያየ፣ በጓደኝነታችን ዘመን ሁሉ ከአፉ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገረ።

«አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ አበባ ቅጠፍ ብለሽ አላክሽውም። የላክሁት እኔ ነኝ። እንደዚህ ይዤው ስቀመጥ ቢያንስ እየተቀጣሁ ነው። ከለቀቅሁት ምን ዓይነት አባት ነኝ?»

ናንዳዋቲ ልጇን ተመለከተች። ሕፃኗ ሣር እየነቀለች በአያቷ እግር ላይ ትከምራለች። ጉሙ በመካከላችን እያለፈ አንዴ ይጋርደናል፣ አንዴ ይገልጠናል። ሁላችንም በአንድ ሕልም ውስጥ የተቀመጥን መሰለኝ።

«ዊማል ስንት ዓመት ኖረ?» ብላ ጠየቀችው በመጨረሻ።

«ሃያ ስድስት። ታውቂ የለም እንዴ?»

«ከሃያ ስድስቱ የትኛውን ነው የያዙት? እርስዎ የያዙት ዊማልን አይደለም፣ አባባ። አንድ ጠዋት ነው የያዙት። ያ ጠዋት ሃያ ስድስቱን ዓመት ዋጠብን። ለዚህች ልጁ የሚነግሯት አንድ ነገር እንኳ አላስተረፈም።»

ይህ ቃል ሲገባው አየሁ። እጁ ወደ ጉሮሮው ሄደ።

«እዚህ ጋ ነው» አላት። «ያንቀኛል።»

«አያባርሩት። ይዩት ብቻ። እኛ አጠገብዎ ነን።»

ዓይኑን ጨፈነ። በመጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ትከሻው ተነቃነቀ፤ በልጁ ቀብር ላይ እንኳ ያላለቀሰው ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም የራሴን ድንጋይ ሆዴ ውስጥ አገኘሁትና አብሬው አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሲበርድለት ዓይኑን ሳይገልጥ ድንገት ሣቀ።

«መምህር፣ ትዝ ይልሃል? የሒሳብ ፈተናህን ፈርቶ ፀጉሩንም ቅንድቡንም ተላጭቶ መነኮስኩ ብሎ የመጣው?»

እንዴት ትዝ አይለኝ? መነኩሴም ቢሆን ማባዛት ማወቅ አለበት ብዬ አስፈትኜዋለሁ፤ ወድቋል። ሕፃኗ ምኑም ሳይገባት እኛ ስንሥቅ ሣቀች። ሙቱባንዳም ዞሮ አያት፤ ከተወለደች ጀምሮ ያላያት ያህል ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ ተነሥቶ ነጭ ልብሱን ሊለብስ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለእሑዱ ምገባ መነኮሳቱን የጠራቸውም እሱ ራሱ ነው።

ይህ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። አንባቢዬ ትርፉ ምንድን ነው ቢለኝ፣ ይኸው፤ በዚያ ቤት አሁን የዊማል ስም ይነሣል። ናንዳዋቲ አልሄደችም። ሙቱባንዳ ማለዳ ማለዳ ትንፋሹን ሊያይ ይቀመጣል፤ ግማሹን ጊዜ ያንቀላፋል፤ ቢሆንም ከእንቅልፉ ሲነሣ ለሩዝ ማሳውና ለልጅቱ ጊዜ አለው። ሐዘኑ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም። ይመጣል። ዛሬ ግን እንደሚመጣ ያውቃል፣ እንደሚሄድም ያውቃል፤ ሲሄድ ደግሞ ከፊቱ ያለውን ሰው አያጣም። እኔም ተማሪዎቼን «ሆድ ይፍጀው» እያልኩ ማስተማሬን ይቅር በሉኝ ማለቴ ነው። ያመመው ሰው የት ጋ እንዳመመው ይናገር፤ የሰማው ሰውም ምክር ሳያበዛ አጠገቡ ይቀመጥ።

እሑዱን ግን ሳልናገር አላልፍም። መነኮሳቱ በልተው ጨርሰው ዜማውን ሲጀምሩ ማንቆርቆሪያው በሙቱባንዳ እጅ ገባ። ናንዳዋቲ ከክንዱ በታች እጇን አኖረች፤ ሕፃኗም የእናቷን ቀሚስ ያዘች። ውሃው በቀጭኑ ወረደ፤ ጽዋውን ሞላ፤ ጠርዙን አልፎ ሳሕኑ ላይ ፈሰሰ። እሱም አላቆመም። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወርድ ቀስ ብሎ፣ ሁላችንም እየሰማነው፣ ልጁን አናገረው።

«የላክሁህ እኔ ነኝ» አለ። «አሁንም የምልክህ እኔው ነኝ። ሂድ፣ ልጄ።»