ቅቤና ፀሐይ

ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ በሚሄደው ላንድሮቨር ውስጥ፣ ከእኔ ፊት ለፊት፣ አንድ የአልዩ አምባ ሽማግሌ ነጋዴ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት አነጋገሯት። ፀጉሯ እንደ ገብስ ነዶ የነጣ ልጇ ትከሻዋን ተደግፋ ተኝታለች።

«ከሐኪም ቤት ነው፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ። ስትወለድም እንዲህ ነጭ ናት። አሁን ጆሮዋና ግንባሯ ላይ የሚሻክር ነገር ወጣባት።»

«ለምጥ እንዳይሆን።»

«እኔም እሱን ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ ግን ከፀሐይ ብዛት የመጣ ነው፣ ካልተጠነቀቀች ወደ ነቀርሳ ይለወጣል አለኝ።»

«ያ አላህ። ፀሐይ እንዲህ ያደርጋል?»

«በአራስነቷ ቅቤ ቀብቼ ፀሐይ ላይ አሰጣት ነበር።»

«ሕፃን ሁሉ በቅቤ ታሽቶ ፀሐይ ይሞቃል እኮ።»

«የሰው ልጅ ትንሽ ሞቆ ይገባል። የኔን ግን ትጠቁር ብዬ እዚያው አውላት ነበር። ቆዳዋ ሲላጥ፣ ጥቁሩ ከሥር እየመጣ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ሳታውቂ ነው፣ ልጄ። አሁንስ ምን አሉሽ?»

«ከፀሐይ ሸሽጊያት አሉኝ። ነገ ደግሞ እሷም የምትወጣበት የገበሬ ማኅበሩ የእርከን ሥራ አለ፤ የቀረ ይታሰራል።»

«ከሐኪሙ ወረቀት አልያዝሽም?»

«ይዣለሁ። ሊቀመንበሩ ግን አምና ፊቷ ተልጦ ብትቀር፣ ፀሐይ የሚፈራ ገበሬ የት አለ ብሎ ሣቀብን።»

«እሷስ ሕመሙን ታውቃለች?»

«የፀሐዩን ታውቃለች። የቅቤውን አልነገርኳትም።»

መኪናው ሲታጠፍ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ የልጅቱ ፊት ላይ አረፈ፤ ነጠላዬን መስኮቱ ላይ ወጥሬ ጎረቤላ እስክንደርስ እጄን አላወረድኩም።