በሩታ ፋንታ የመለስኩት ጥያቄ

ክቡራትና ክቡራን፣ ባልደረቦቼ፤

ይህን የጡረታ መሸኛ ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። የሸለማችሁኝን ጋቢ ናዝሬት ናት አሉ የመረጠችው፤ የጉለሌን ብርድ የምታውቅ ልጅ ናት።

ለስታቲስቲክስ መረጃ ስሰበስብ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው በር ሳንኳኳ ኖሬአለሁ። ውሻ ነክሶኛል፣ ግብር ሰብሳቢ መስዬአቸው የዘጉብኝም አሉ። ሽሮ ሜዳ አንድ አዛውንት ሸማኔ መወርወሪያቸውን እያመላለሱ ሳለ፣ "ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ አንድ ሰዓት ሠርተዋል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ኧረ ሥራ የለም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ይሄማ ቀን መግፊያ ነው፤ ማን ይገዛል?"

ተሳሳቅን። እኔም "በሥራ ላይ" ብዬ ጻፍኳቸው። ደንቡ ነዋ፤ አንድ ሰዓትም ቢሆን የሠራ ሠራተኛ ነው።

ዛሬ ግን ልናገር የፈለግሁት ሌላ ነው። ዓመት ሙሉ ውስጤን ሲበላኝ ከርሟል።

አምና ለሥራ አጥነት ጥናቱ ቤቶች በዕጣ ሲመረጡ ለእኔ ቤት ደረሰ። መረጃ ሰብሳቢያችን ሸፊ ታብሌቱን ይዞ መጣ። ልጄ ሩታ በኬሚስትሪ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነበር። ያላንኳኳችው ቢሮ የለም፤ በመጨረሻ በቃ፣ ፍለጋውን ተወችው።

በየሥልጠናው "ሰው ስለ ሰው አይመልስ፤ ቤት ካለ ራሱን ጥሩት" የምላችሁ እኔ አይደለሁም እንዴ? ሸፊም አልረሳውም።

"ጋሽ አክሊል፣ ሩታን ልጠይቃት?"

"ምን አስቸገራት፣ እኔ አለሁ አይደል?"

"እሺ። ሥራ ብታገኝ ለመሥራት ዝግጁ ናት?"

አፈርኩ። ባስተማርኩት ልጅ ፊት ልጄ ሥራ አጥ መባሏ አሳፈረኝ። "አይ፣ እሷ እናቷን ታግዛለች፤ ሥራ አትፈልግም" አልኩት።

ይህ መልስ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሥራ አጥ የምንለው የማይሠራውን፣ ቢያገኝ ግን የሚሠራውን ነው። አትፈልግም ከተባለች ከሠራተኛውም ከሥራ አጡም ወጣች ማለት ነው። መቶኛው ሲሰላ ሩታ የለችበትም።

ሸፊ እንደወጣ ከጓዳ ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች።

"አባዬ፣ ሥራ አጥ ብለህ እንኳ አታስቆጥረኝም?"

ሸፊ ጋ ደውዬ "አስተካክለው" ማለት እችል ነበር፤ አልደወልኩም። ሪፖርቱ ሲወጣ የሥራ አጡን ቁጥር አየሁና ወረቀቱን አጠፍኩት። ስንት አባት እንደ እኔ መልሶ ይሆን? ስንቱን ቤት ቸኩለን "እሺ" ብለን አልፈን ይሆን?

ሸፊ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ። እናንተም አደራችሁን፣ አባትየው በሩ ላይ ቢገተርም ጓዳ ያለችውን ጥሩልኝ።

ፈጣሪ እግራችሁን ከእንቅፋት፣ ቤታችሁን ከችግር ይጠብቅ። ልጆቻችሁ የተማሩበትን የሚሠሩ ይሁኑ። እናንተም በጤና፣ በክብር ለዚህች ቀን ብቁ።

ሩታ ዛሬ አብራኝ መጥታለች፤ ያቻት፣ በሩ አጠገብ። ሸፊ፣ እባክህ ያንን ጥያቄ እሷን ጠይቃት። እኔ ዝም እላለሁ።