ከባሕር ወለል የመጣ አሸዋ

በሰው አገር፣ ስቶክዌል በሚባል ሰፈር ጎረቤቴ የሆነውን ጌታቸውን ባሕር ልጁን በላበት። ልጁ ባሕር ውስጥ በነፋስ መብራት የሚያመነጩት ምሰሶዎች ሥር መሣሪያ የሚያስቀምጥ ነበር። ውሃው የምሰሶውን እግር አሸዋ ምን ያህል እንደጠረገው መሣሪያው ይከታተላል አሉኝ። ከጀልባ ወደቀ፤ ሬሳውም አልተገኘም። ጌታቸው "አፈር እንኳ ሳላለብሰው" እያለ ሲያለቅስ ሰነበተ።

ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ የልጁ የሥራ ጓደኛ፣ አንድ ፈረንጅ፣ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ውስጡ ያለው ልጁ ከወደቀበት ቦታ፣ ከባሕሩ ወለል የወጣ አሸዋ ነው። እንዲያመጣ የለመነችው የሟች እህት ናት። ጌታቸው በሁለት እጁ ተቀበለና "ጠይቂልኝ፣ ልጄ የተኛበት ይሄ ነው?" አላት። ጠየቀችው። እኔ በልቤ ፈረንጁን "አዎ በል፣ ምን ቸገረህ" እለዋለሁ። እሱ ግን ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀና ተናገረ። ልጅቱ፣ "አሸዋው አንድ ቦታ አይቆይም ይላል አባዬ። መሣሪያውንም ያስቀመጡት ለዚሁ ነው። ያን ቀን የነበረው ተጠርጎ ሄዷል፤ ይሄ ሌላ ነው" አለችው።

ጌታቸው ብልቃጡን መለሰ። "ልጄን ያልነካ አፈር ምን ያደርግልኛል?" ፈረንጁ ፊቱ ቀልቶ ሊወጣ ተነሣ። ይሄኔ ጌታቸው እጅጌውን ጨምድዶ ያዘና በአማርኛ "አንተ ግን ነክተኸዋል። ቁጭ በል" አለው። ማንም አልተረጎመለትም። ቁጭ አለ።