በቱቦ የጠበቀ ጎማ

ጋሽ ገብረወልድ፣ እዚህ ጋራዥ የመጡ ቀን ትዝ ይልዎታል? ባልደረባችን ሐሩን የአውቶቡስ ጎማ አስሮ ሲጨርስ፣ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙና "ይሄ ቡሎን በስንት ጠበቀ?" አሉት። እሱም ደረቱን ነፍቶ "በደንብ!" አለ። "በደንብ የሚባል ቁጥር አልተማርኩም፤ ፍታው" አሉት። የዚያን ቀን ሁላችንም "ይሄ ሰውዬ ወር አይቆይም" ተባባልን።

ይኸው ጡረታ ወጡ። ስንጸልይ የኖርነው ዘግየት ብሎ ተሰማልን።

ለማታውቁ እንግዶች፣ እኛ የምንጠግነው ከቦሌ አራብሳ ወደ ለሚ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልሱትን ሰርቪሶች ነው። እሳቸው እስኪመጡ ድረስ እዚህ ቤት ቡሎን ጠበቀ የሚባለው የሚያጠብቀው ሰው ሲያቃስት ነበር። ቁርሱን ጠግቦ የበላ ቀን ቡሎኑ ይሰቃያል፤ የጾመ ቀን ጎማው ይላላል። ይሄንን ነው እንግዲህ ሙያ ስንል የኖርነው!

እሳቸውስ ቢሆኑ? ያቺን ቶርክ ሬንች፣ ልኩ ሲደርስ "ቀጭ" የምትለዋን ቁልፍ፣ እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጧት። ማስተማር የሚያምራቸው ደግሞ ምሳ ሲቀርብ ብቻ ነው። "ቡሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል፤ አጥብቆ የሚይዘውም መልሶ ልሰብሰብ ስለሚል ነው። ልኩን ካለፈ ግን አይመለስም፣ ሞተ በሉት። ዘይት የነካውን ደግሞ በደረቁ ልክ እንዳታጠብቁት፣ ስለሚንሸራተት ሳታውቁት ያልፋል!" ይሄ ሁሉ ሲባል የእኛ ሽሮ በረዶ ሆኗል።

አንዴ የጥንካሬ ምልክት የሌለው ቡሎን ተገዝቶ መጣ። ጥቂቱን አንስተው በብረት መንከሻው፣ ሞርሳ ላይ አሰሩና፣ እየለኩ እስኪበጠስ አጠበቁት። የጋራዡ ባለቤት አቶ አምላኩ "ቡሎን እንዲበጥሱልኝ ነው የቀጠርኩዎት?" ብሎ ጮኸ።

"የፋብሪካውን ልጆች ጭኖ መንገድ ላይ ከሚበጠስ እዚህ ይበጠስ" አሉት። ከዚያ መለጠጥ ከሚጀምርበት በጣም ዝቅ ያለ ልክ አወጡለትና "ለወንበር ማሰሪያ ይሁን፤ ጎማ ላይ እንዳላየው" አሉ። አቶ አምላኩ ስንት ቀን አኮረፈ!

ጋሽ ገብሬ፣ አሰልችተውናል፤ እውነቴን ነው። ግን ታናሽ እህቴ መኪያ ፋብሪካ የምትሄደው በዚያ ሰርቪስ ነው። አንድም ጠዋት ፈርቼ ሸኝቻት አላውቅም። በፊትዎ ብዬው ስለማላውቅ ዛሬ ልበለው፤ አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ ግን ፈራሁ። ቅድም ኬኩን ይዤ ስገባ፣ ሐሩን ጉልበት እንዲጨምርለት የጎማ መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ ቀጥሎ፣ በእግሩ እየረገጠ የሰርቪሱን ጎማ ሲያጠብቅ አገኘሁት። "ምን እየሠራህ ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እሳቸው እኮ ጡረታ ወጡ!" አለኝ። ኬኩ እንኳን ሳይቆረስ!

በሉ፣ ቢራም ለስላሳም የያዛችሁ ብርጭቋችሁን አንሱ። ለጋሽ ገብረወልድ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ የልጅ ልጅ ጨዋታ! ሐሩን፣ አንተ አስቀምጥ። የሰርቪሱ ሞተር ማስነሻ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጎማው ሳይፈታ፣ የተለጠጠው ቡሎን ሳይቀየር ከዚህ ግቢ አይወጣም። አቶ አምላኩም ቢቆጣ ይቆጣ።

ጋሽ ገብሬ፣ ደግሞ ወዴት ነው? ጎማውን ሊፈቱ ነው የሚነሱት? ይቀመጡ እንጂ! ይሄ ከእንግዲህ የእኔ ሥራ ነው። ለጤናዎ!